የሁለት አገሮች የወጪ ሐዋላ፦ ሳዑዲ ዓረቢያና አሜሪካ ከሽሮ ሜዳ ሲታዩ

በጉለሌ በተደረገው የማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር





የስብሰባው አዘጋጆች ስለ ሐዋላ ንግግር እንዳደርግ በጠየቁኝ ጊዜ፥ ያሰቡት ወደ ኢትዮጵያ ስለሚገባው ገንዘብ እንድናገር ነበር። እኔ ግን ነገሩን ገልብጬ ለማየት ፈቃዳቸውን ለመንሁ። ስለ ገቢ ሐዋላ ብዙ ተብሏል፤ ወደፊትም ይባላል። እኛ ዘወትር የምንቀመጠው ገንዘቡ ከሚደርስበት በር ላይ ስለሆነ፥ ከሚወጣበት በር ላይ የቆመ ሰው ምን እንደሚያይ አንጠይቅም። ስለዚህ ዛሬ የማቀርበው የሁለት አገሮችን የወጪ ሐዋላ፥ ይኸውም ከሳዑዲ ዓረቢያና ከአሜሪካ ግለሰቦች ወደ ሌላ አገር የላኩትን ገንዘብ፥ በሃያ ዓመታት ውስጥ እያነጻጸርሁ ነው። ሁለቱን የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ወደ ሽሮ ሜዳ ብትወጡና አንዱን በር አንኳኩታችሁ «ልጅዎ የት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ፥ ከሚሰጧችሁ መልሶች መካከል ከእነዚህ ከሁለቱ አገሮች የአንዱ ስም ሳይጠራ አይቀርም።

አስቀድሜ ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበል። «ሐዋላ» ከዓረብኛ የመጣ ቃል ነው። በእኛ አገር ባንኮች መስኮት ላይ ተጽፎ የምናገኘው ይህ ቃል ሕጋዊውን፥ ደረሰኝ ያለውን፥ በመዝገብ የሰፈረውን የገንዘብ ዝውውር ያመለክታል። በዓለም አቀፍ ጽሑፎች ዘንድ ግን ይኸው ቃል የሚጠራው ከባንክ ውጭ በመተማመን ብቻ የሚካሄደውን ዝውውር ለመግለጽ ነው። አንድ ቃል እኛ ዘንድ የመዝገቡ ስም ሲሆን፥ እነርሱ ዘንድ ከመዝገብ ያመለጠው ስም ሆነ ማለት ነው። እኔ በአገሬ ልማድ እጠቀምበታለሁ፤ ከመዝገብ ውጭ የሚሄደውን ግን ሰፈራችን እንደሚለው «በእጅ የሚላክ» እለዋለሁ።

አሁን ወደ አንድ ቤት ይዣችሁ ልግባ። በሽሮ ሜዳ ከእኔ ቤት በላይ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ባለቤታቸው ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። እኚህ እናት ሁለት ልጆቻቸውን ወደ ውጭ ሰደዱ፤ ወንዱ በ1999 ዓ.ም. በዲቪ ዕጣ ወደ አሜሪካ ሄዶ በዋሽንግተን አካባቢ ተቀመጠ፤ ሴቷ በ2001 ዓ.ም. ለቤት ሠራተኝነት ወደ ሪያድ ሄደች። እናትየዋ የመጣላቸውን ገንዘብ ሁሉ በአንድ ደብተር ላይ፥ በግራ ገጽ የልጃቸውን በቀኝ ገጽ የልጃቸውን እያደረጉ፥ ፊደል በሚያውቅ የጎረቤት ልጅ ያጽፉ ነበር። እኔ በሙያዬ ከብዙ መዛግብት ጋር ኖሬአለሁ፤ እንደዚያ ያለ ንጹሕ መዝገብ ግን በብዛት አላየሁም። ቀኝ ገጹ በየወሩ ያለ ማቋረጥ፥ ለማለት ይቻላል በተመሳሳይ ቀን፥ ስድስት መቶ ሪያል ስድስት መቶ ሪያል እያለ ይወርዳል። የልጅቱ ደመወዝ ግን ሰባት መቶ ሪያል ነበር። ግራ ገጹ ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት ባዶ ነው ለማለት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ለፋሲካ፥ ለእንቁጣጣሽ፥ ለመስቀል፥ ሰው ሲታመም እየታየ መቶ ዶላር፥ ሁለት መቶ ዶላር እያለ ይቀጥላል። ይህን ደብተር እንድታስታውሱት እለምናለሁ፤ በኋላ እመለስበታለሁና።

እንግዲህ ወደ ትልልቆቹ ቁጥሮች እንለፍ። የዓለም ባንክን አኃዞች መሠረት አድርጎ የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ በሚያወጣው ዘገባ እንደሚታየው፥ እ.ኤ.አ. በ2000 ከአሜሪካ የወጣው የግል ሐዋላ 34.4 ቢልዮን ዶላር ሲሆን፥ ከሳዑዲ ዓረቢያ የወጣው 15.4 ቢልዮን ነበር። በ2005 አሜሪካ ወደ 47.8 ስትወጣ ሳዑዲ ወደ 14.3 ዝቅ አለች። በ2010 አሜሪካ 50.5 ሳዑዲ 27.1፤ በ2015 አሜሪካ 60.7 ሳዑዲ 38.8፤ በ2020 አሜሪካ 68 ሳዑዲ 34.6፤ በ2022 አሜሪካ 79.2 ሳዑዲ 39.4 ቢልዮን ሆነ።

መነሻውንና መድረሻውን ብቻ ያየ ሰው ብዙ የሚናገረው አይኖረውም። በ2000 የአሜሪካ ወጪ ሐዋላ የሳዑዲን ከእጥፍ ትንሽ በለጥ ያደርግ ነበር፤ በ2022ም እጥፍ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ምንም ያልተለወጠ ይመስላል። መካከሉን ያየ ግን ሌላ ነገር ያገኛል። በ2005 የአሜሪካው የሳዑዲን ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር፤ በ2015 ደግሞ ልዩነቱ ጠቦ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ብቻ ሆነ፤ ከዚያም እንደገና ሰፋ። የአሜሪካው መሥመር እንደ እንጦጦ መንገድ ቀስ እያለ ሽቅብ ይሄዳል። የሳዑዲው ግን ይወርዳል፥ ይዘልላል፥ ይወድቃል፥ እንደገና ይነሣል።

ዋጋን ስናስተካክል ነገሩ ብዙ አይለወጥም። የሳዑዲ ሪያል እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ከዶላር ጋር በ3.75 ስለ ታሰረ፥ በምንዛሪ መዋዠቅ ምክንያት የሚመጣ ስሕተት በዚህ ንጽጽር ውስጥ የለም። የዶላር የመግዛት ኃይል ግን ወርዷል፤ በ2000 አንድ ዶላር ይገዛ የነበረውን ዕቃ ለመግዛት በ2022 አንድ ዶላር ከሰባ ሳንቲም ያህል ያስፈልግ ነበር። በዚህ ስሌት የሁለቱም ዕድገት በእጅጉ ያንሳል፤ የአሜሪካው ከሲሶ ትንሽ ያልፋል፥ የሳዑዲው ግማሽ ያህል ይሆናል። ቅርጻቸው ግን እንዳለ ነው።

አገሮቹን ከሀብታቸው አንጻር ስንመዝናቸው ደግሞ ሌላ መልክ ይወጣል። በ2015 ከሳዑዲ የወጣው ሐዋላ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ከመቶ 5 በላይ ነበር። የአሜሪካው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ የአንዱ ሲሶ ነው። ስለዚህ በሪያድ ሐዋላ የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ ሚኒስትሮች ይመክሩበታል፥ ጋዜጦች በየወሩ ቁጥሩን ያትማሉ። በዋሽንግተን ግን ቅርብ ጊዜ እስኪደርስ ድረስ ከጥቂት የስታትስቲክስ ሰዎች በቀር ብዙ የሚያስጨንቀው ሰው አልነበረም።

አሁንም አንድ መለኪያ ልጨምር፤ ለእኔ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። በ2022 በሳዑዲ በተደረገው ሕዝብ ቆጠራ ከ32.2 ሚልዮን ነዋሪ 13.4 ሚልዮኑ የውጭ አገር ሰው ሆኖ ተገኝቷል። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ከአገሩ ውጭ ተወልዶ የገባው ሕዝብ 46 ሚልዮን ያህል ነበር። የወጣውን ሐዋላ ለእነዚህ ሰዎች በነፍስ ወከፍ ብናካፍለው፥ በአሜሪካ ለአንድ ሰው በዓመት 1,700 ዶላር ያህል ሲደርስ፥ በሳዑዲ ወደ 2,900 ዶላር ይጠጋል። ደመወዙ ያነሰው ሰው የበለጠ ላከ ማለት ነው። ይህ ለምን ሆነ? መልሱ ደብተሩ ውስጥ አለ። በሪያድ ያለችው ልጅ ቤት አትከራይም፥ ቤት አትገዛም፥ ልጅ አምጥታ ትምህርት ቤት አታስገባም፥ ዜግነት ተስፋ አታደርግም። የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ ስም የታሰረ ነው። ሕይወቷ ያለው እዚህ ሽሮ ሜዳ ነው፤ እዚያ ያለው ጉልበቷ ብቻ ነው። በዋሽንግተን ያለው ወንድሟ ግን የቤት ኪራይ፥ የመኪና ዕዳ፥ የልጅ ማሳደጊያ አለበት። ፍቅሩ አንሶ አይደለም፤ ሕይወቱን ወደዚያ ስላዛወረ ነው።

ይህም ለጉለሌ አዲስ ነገር አይደለም። ከጨንቻና ከዶርዜ፥ ከሌላውም የጋሞ ደጋ መጥተው በሽሮ ሜዳ የሰፈሩት ሸማኔዎች፥ ጉለሌን ከማንም አስቀድመው የወጪ ሐዋላ ከፋይ አድርገዋታል። ከመደወሪያው ጋር ሲታገል የከረመ ሸማኔ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀመውን ለመስቀል ይዞ ወደ አገሩ ይወርድ፥ ወይም ለሚወርድ ዘመድ አደራ ይሰጥ ነበር። ከላይ ያነሣኋቸው እናት ባለቤት በሕይወት ሳሉ አንድም መስቀል ሳይልኩ አልቀሩም። ልጆቻቸው ግን እዚህ ተወልደው እዚህ አደጉ፤ ለጨንቻ የሚልኩት ነገር የለም። የአባትና የልጅ ልዩነት እንዲህ ከሆነ፥ በሳዑዲና በአሜሪካ መካከል ያለው ልዩነት ለምን እንግዳ ይሆንብናል?

እስካሁን ሁለቱን አኃዞች አንድ ዓይነት ነገር እንደሚለኩ አድርጌ ተናግሬአለሁ። አሁን ይህን ማፍረስ አለብኝ፤ የዛሬው ንግግሬ ዋና ጉዳይም ይኸው ነው። ሁለቱ መሥመሮች በአንድ ሠንጠረዥ ጎን ለጎን ቢታተሙም፥ የተሠሩት በሁለት ልዩ ልዩ ክንዶች ነው።

የሳዑዲው ቁጥር ከመስኮት የተቆጠረ ነው። የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ፥ ባንኮችና የገንዘብ ላኪ ድርጅቶች በውጭ አገር ሰዎች ስም ያስተላለፉትን እየሰበሰበ ይደምራል። በመስኮት ያለፈ ሪያል ይቆጠራል፤ ወደ አገሩ በሚመለስ ሰው ኪስ የሄደ አይቆጠርም። የአሜሪካው ግን በአብዛኛው የተገመተ ነው። የአገሪቱ የኢኮኖሚ ትንተና ቢሮ፥ ከውጭ ተወልዶ የገባውን ሕዝብ ብዛት፥ ገቢውን፥ የመጣበትን አገር፥ የቆየበትን ዘመን፥ የቤተሰቡን ሁኔታ ከሕዝብ ጥናቶች እየወሰደ፥ እንዲህ ያለ ሰው ከገቢው ይህን ያህሉን ይልካል ብሎ ያሰላል። እንግዲህ የሳዑዲው መዝገብ ገንዘቡን ይቆጥራል፥ የአሜሪካው ሰዎቹን ይቆጥራል። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚላከው ገንዘብ ሁሉ ነገ ከባንክ ወጥቶ በእጅ መላክ ቢጀምር፥ የአሜሪካው አኃዝ ቅንጣት አይነቃነቅም። በሪያድ ይህ ቢሆን መሥመሩ በወሩ ይወድቃል።

በዚህ ላይ የትርጓሜው ጉዳይ አለ። «የግል ሐዋላ» ተብሎ በዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ የሚታተመው ሁለት ነገሮች ተደምረው ነው፤ አንደኛው ቤተሰብ ለቤተሰብ የሚልከው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የአጭር ጊዜና ድንበር ተሻጋሪ ሠራተኞች ደመወዝ፥ እንዲሁም በአገራቸው ተቀምጠው ለውጭ አገር ድርጅት የሚሠሩ ሰዎች ደመወዝ ነው። ኤምባሲ በሒሳብ ሥርዓቱ የላከው አገር አካል ሆኖ ይቆጠራል። የአሜሪካ ኤምባሲ እንደምታውቁት እዚሁ እንጦጦ መንገድ ላይ ነው። እንግዲህ በትርጓሜው መሠረት ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ በእግሩ ወደ ኤምባሲው የሚገባ ኢትዮጵያዊ ዘበኛ ወይም አትክልተኛ የሚቀበለው ደመወዝ፥ ውቅያኖስ አቋርጦ ካልሄደ ሰው እጅ የገባ የአሜሪካ ወጪ ሐዋላ ነው። ከበሩ ውጭ ለቪዛ ተሰልፎ የቆመው ወጣት ገና ለመላክ ያስባል፤ በሩን የሚከፍትለት ሰው ግን በመዝገቡ ቀድሞታል። ይህን የምናገረው ለቀልድ ብቻ አይደለም፤ አንድን ድምር ከማንበባችን በፊት ውስጡ እነማን እንዳሉ መጠየቅ እንደሚገባ ለማሳየት ነው።

ይህን ጥያቄ እኔ ራሴ ሳልጠይቅ ቀርቼ ያደረስሁትን ጉዳት ልነግራችሁ ይገባል። በ2005 ዓ.ም. በአንድ ባንክ የዕቅድ ክፍል እሠራ ነበር። የሳዑዲ ወጪ ሐዋላ በአምስት ዓመት ውስጥ ከ14 ወደ 27 ቢልዮን ዶላር ማደጉን አየሁ፤ መሥመሩን በማስመሪያ ወደ ፊት ሳብሁት፤ ከሳዑዲ ገንዘብ ለሚቀበሉ ቤተሰቦች ብድር መስጠት አደጋው አነስተኛ ነው ብዬም ጻፍሁ። ወረቀቱ ተወደደ። እኔም በሰፈር ሰውነቴ ለጎረቤቴ፥ ለባለ ደብተሯ እናት፥ «እትዬ፥ ቀኝ ገጽዎ እንደ ደመወዝ የታመነ ነው፤ ቤትዎን አስይዘው ይበደሩና የሚከራዩ ክፍሎች ይሥሩ» ብዬ መከርኋቸው። እርሳቸውም «አንተ ካልህ ይሁን፥ ልጄ» ብለው ፈረሙ።

በጥቅምት 2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር መሄድን አገደ። በዚያው ሰሞን ሳዑዲ ፈቃድ ለሌላቸው የውጭ አገር ሰዎች የሰጠችው የምሕረት ጊዜ አበቃና የማባረሩ ዘመቻ ተጀመረ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺሕ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በአንድ ቀን የወረደውን ሰው ያየ አይረሳውም፤ በባዶ እግሩ የወረደ ነበረ። የጎረቤቴ ልጅ ከመጀመሪያው አሠሪዋ ቤት ከወጣች ሁለት ዓመት አልፏት፥ ፈቃድ ሳይኖራት ትሠራ ኖሮ፥ በታኅሣሥ መጣች። የመጨረሻ የሦስት ወር ደመወዟ እዚያው ቀረ። የደብተሩ ቀኝ ገጽ ጥቅምት ላይ ተቆረጠ፤ ከዚያ በታች ነጭ ወረቀት ነው።

የሚያሳፍረኝ ነገር ግን ይህ ነው፤ ትንበያዬ አልተሳሳተም። ከሳዑዲ የወጣው ጠቅላላ ሐዋላ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወደ 2014 ሲያልፍ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። የሕንድ፥ የፓኪስታን፥ የግብፅ፥ የፊሊፒንስ ሠራተኞች ገንዘብ በሚገማሸርበት ወንዝ ውስጥ የእኛ ሰዎች ምንጭ መድረቁን ማን ያየዋል? በዓመቱ መጨረሻ አለቃዬ ሠንጠረዡን ተመልክቶ «ግምትህ ልክ ነበር» ብሎ አመሰገነኝ። ሽቅብ ወደ ቤቴ ስሄድ በእናትየዋ ደጅ በኩል ማለፍ አቅቶኝ በሌላ መንገድ ዞርሁ። የአገር መሥመር ትክክል ሆኖ የሰው መሥመር ሊቋረጥ እንደሚችል በትምህርት ቤት አልተማርሁም፤ የተማርሁት ከዚያ ደጅ ነው።

ቤቱ አልተሸጠም። ዕዳውን የከፈለው የዋሽንግተኑ ልጅ ነው። ሌሊት ታክሲ መንዳት ጨምሮ አራት ዓመት ከፈለ። የደብተሩ ግራ ገጽ ከ2006 እስከ 2010 ዓ.ም. በየወሩ ተሞልቷል፤ መቶና ሁለት መቶ የነበረው አራት መቶ፥ አንዳንዴም አምስት መቶ ሆኗል። እንግዲህ አስቡት፤ የእኅቲቱ መቋረጥ ብቻውን ቢሆን በሪያድ የመስኮት መዝገብ ወዲያው ይታይ ነበር። የወንድሙ ድካም ግን በአሜሪካው መዝገብ በጭራሽ አይታይም። ለዚያ መዝገብ እርሱ ዕድሜው ይህን ያህል፥ ገቢው ይህን ያህል፥ ከገባ ይህን ያህል ዓመት የሆነው አንድ አፍሪካዊ ነው፤ የሚልከውም በቀመሩ የተደነገገለትን ነው። የአሜሪካ መሥመር ለስላሳ የሆነው የላኪዎቹ ሕይወት ለስላሳ ስለሆነ አይደለም።

ከ2015 ወዲህ የሳዑዲው መሥመር መውደቁን ስንመረምርም ይኸው ጥንቃቄ ያስፈልገናል። በ2015 ወደ 39 ቢልዮን የደረሰው በ2019 ወደ 31 ቢልዮን ዝቅ ብሎ ነበር። ምክንያቶቹ የታወቁ ናቸው። የነዳጅ ዋጋ ከ2014 ጀምሮ ወደቀና ብዙ የግንባታ ሥራ ቆመ። ከሐምሌ 2017 አንሥቶ የውጭ አገር ሠራተኛ ይዞት ለሚኖረው ለእያንዳንዱ ቤተሰብ በወር 100 ሪያል እንዲከፍል ተደረገ፤ ክፍያውም በየዓመቱ እየጨመረ በ2020 አራት መቶ ሪያል ደረሰ። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ የውጭ አገር ሰው በሚቀጥሩ ድርጅቶች ላይ የሚጣለው ወርኃዊ ክፍያ ከበደ፤ አገሬውን ለመቅጠር የተያዘው መርሐ ግብርም ጠነከረ። በመጋቢት 2017 የተጀመረው ሁለተኛው የማስወጣት ዘመቻም አለ፤ በዚህ ምክንያት ከግንቦት 2017 እስከ መጋቢት 2019 ባለው ጊዜ 260 ሺሕ ያህል ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ልብ በሉ፤ በቤተሰብ ላይ የተጣለው ክፍያ ሚስትና ልጆችን ወደ አገራቸው ሲመልስ፥ የቀረው አባት ከበፊቱ የበለጠ መላክ ይኖርበታል። ይህ አኃዙን ወደ ላይ መግፋት ነበረበት። እንዲያም ሆኖ ወደቀ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ደግሞ ከሁሉ የባሰ እንቆቅልሽ ነው። በ2020 ወረርሽኙ ሲነሣ የዓለም ባንክ ወደ ድኾች አገሮች የሚሄደው ሐዋላ ከመቶ 20 ያህል ይቀንሳል ብሎ ነበር። ቅነሳው ከመቶ 2 እንኳ አልሞላም። በሳዑዲማ ሥራ ቆሞ፥ ሰው ቤቱ ተዘግቶ፥ የወጪ ሐዋላው ከ31 ወደ 34.6 ቢልዮን ወጣ። ሰው ሥራ ሲያጣ የበለጠ ይልካልን? አንዳንዱ ያጠራቀመውን ጠቅልሎ ወደ አገሩ መላኩ አይካድም። ዋናው ነገር ግን አውሮፕላን ቆመ፤ ገንዘብ በኪሱ ይዞ የሚሄድ መንገደኛ ጠፋ፤ በእጅ ይሄድ የነበረው ወደ መስኮቱ መጣ። ቀድሞም ይወጣ የነበረ ገንዘብ ያን ጊዜ ታየ። የተለወጠው ወንዙ ሳይሆን የመለኪያው ሥፍራ ነው ለማለት የሚያስደፍር ብዙ ምክንያት አለ።

በእኛው አገር መዛግብትም ይኸው ነገር አለ፤ በአጭሩ አልፈዋለሁ። የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ የሚሰጠው የገቢ ሐዋላ አኃዝ ለብዙ ዓመታት ከአንድ ቢልዮን ዶላር በታች ሲሆን፥ የብሔራዊ ባንካችን የግል ዝውውር ሒሳብ በብዙ ቢልዮን ይቆጠራል። ሁለቱ የሚለኩት አንድ ነገር አይደለም። በዚህ ላይ የጥቁር ገበያው ምንዛሪ ከባንኩ ሲራራቅ ገንዘቡ በእጅ ይሄዳል፥ ሲቀራረብ ወደ ባንክ ይመለሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፥ 57 ብር የነበረው ዶላር በዚያው ዕለት ከ74 ብር በላይ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ከባንኮች የሚሰማው የሐዋላ ዕድገት ምን ያህሉ አዲስ ገንዘብ፥ ምን ያህሉ ከጓሮ በር ወደ ፊት በር የዞረ እንደሆነ ለመለየት፥ የወጪውን አገር መዝገብ ከገቢው አገር መዝገብ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ይህን ሥራ ከወጣት አባሎቻችን አንዱ ቢይዘው እኔ በእጄ ያለውን ሁሉ ለመስጠት ዝግጁ ነኝ።

በመጨረሻ አሜሪካ በቅርቡ ስላወጣችው ሕግ ጥቂት ልናገር። ሐምሌ 4 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. የተፈረመው ሕግ፥ ከአሜሪካ ወደ ውጭ በሚላክ ሐዋላ ላይ ከመቶ አንድ ግብር ጥሏል፤ ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ እንዲጸናም ደንግጓል። በመጀመሪያ የታሰበው ከመቶ 5 ነበር፤ ከዚያ 3.5 ተባለ፤ በመጨረሻ 1 ሆነ። ግብሩ የሚነካው ላኪው ጥሬ ገንዘብ ወይም ያንን የመሰለ ነገር፥ እንደ ገንዘብ ማዘዣና እንደ ባንክ ቼክ ያለውን፥ በመስኮት ሲሰጥ ነው፤ ከባንክ ሒሳቡ ወይም እዚያው ከተሰጠው የባንክ ካርድ ሲልክ አይነካውም። ሁለቱ አገሮች እዚህ ላይም ተለያይተዋል። ሳዑዲ በሐዋላው ላይ ግብር ለመጣል ብዙ ጊዜ ሐሳብ ተነሥቶ አልተቀበለችም፤ የጣለችው በሰውየው ላይ ነው፤ ሰውየው ሲሄድ መሥመሩ ወደቀ። አሜሪካ የጣለችው በጥሬ ገንዘቡ ላይ ነው፤ ሰውየው እዚያው አለ፤ ጥሬ ገንዘቡን ወደ ሒሳቡ ያስገባል፥ ወይም በእጅ ይልካል። በግምት የሚሠራው የአሜሪካ አኃዝ ይህን እንደሚያሳየን እጠራጠራለሁ። የሚያሳየን የግብሩ ገቢ መዝገብ ይሆናል፤ የሚመጡትን ዓመታት ይህን ለመከታተል አስቤአለሁ።

ስለዚህ ሕግ ወሬው ሽሮ ሜዳ በደረሰ ማግሥት ጎረቤቴ አስጠሩኝ። ያ ደብተር አልቆ አሁን በሁለተኛው ላይ ናቸው። ልጃቸው ከሪያድ ከተመለሰች ወዲህ አግብታ አዲሱ ገበያ በኩል የባህል ልብስ ትሸጣለች፤ ከምትሸጠው ውስጥ ጥቂቱ የሚሄደው ወንድሟ በሚልክላት ደንበኞች በኩል ወደ አሜሪካ ነው። እናትየዋ ቡና አፍልተው፥ ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፥ «ይህ ግብር የእኔን ልጅ ይነካዋል ወይ?» አሉኝ። «እትዬ፥ የሚልክልዎ በምን ነው?» አልኋቸው። «በስልኩ ነው፥ ከባንኩ እየተቆረጠ» አሉ። «እንግዲያውስ አይነካውም» አልሁ። ዝም ብለው ጥቂት ካሰቡ በኋላ ደብተሩን ለልጅ ልጃቸው ሰጡና «በል ጻፍ፤ ይህ ሰውዬ ምን እንዳለ፥ ቀኑንም ጨምርበት» አሉት። ልጁም ጻፈ።